የዳኞችና የቤተሰቦቻቸው የግል መረጃ ጥበቃ በአሜሪካ

የዳኞችና የቤተሰቦቻቸው የግል መረጃ ጥበቃ የአንድን ዳኛ የመኖሪያ አድራሻ፣ የስልክ ቁጥር፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትና መሰል መረጃዎች በአደባባይ እንዳይወጡና እንዳይሸጡ የሚያግድ የሕግ ሥርዓት ነው። በአሜሪካ ይህ ሥርዓት የዛሬ ቅርጹን ያገኘው በአንድ ወጣት ስም በተሰየሙ ሁለት ሕጎች ነው፤ አንደኛው የኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «የዳንኤል ሕግ» ሲሆን፣ ሁለተኛው በዳንኤል አንደርል ስም የተሰየመውና በታኅሣሥ 2022 በፕሬዚዳንት ባይደን ፊርማ የጸደቀው የፌዴራል ዳኞች ደኅንነትና የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳንኤል የኒው ጀርሲ የፌዴራል ዳኛ የኤስተር ሳላስ አንድያ ልጅ ነበር። ሐምሌ 2020 ላይ ሃያኛ ዓመት ልደቱን ከጓደኞቹ ጋር አክብሮ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ እሑድ ዕለት ከእናቱ ጋር ምድር ቤት ሆነው እያወሩ ቤት ያጸዱ ነበር። «እማ፣ ወሬያችንን እንቀጥል፤ ከአንቺ ጋር ማውራት ደስ ይለኛል» እንዳላቸው እናቱ ደጋግመው ተናግረዋል። በዚያው ቅጽበት የበሩ ደወል ጮኸ፤ ዳንኤልም ማን እንደመጣ ለማየት ወደ ላይ ሮጠ። በር ላይ የቆመው ዕቃ አድራሽ መስሎ የለበሰ ሰው ነበር። ሰውየው ዳንኤልን ተኩሶ ገደለው፤ አባቱንም ክፉኛ አቆሰላቸው። ገዳዩ ቀደም ሲል ሳላስ በያዙት ችሎት ጉዳይ የነበረው ጠበቃ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ራሱን አጥፍቶ ተገኘ። ዳኛዋ በኋላ እንደገለጹት፣ ሰውየው ቤታቸውንና የሚሄዱበትን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር መዝግቦ የያዘ ፋይል ነበረው።

ይህ የመጀመሪያው አደጋ አልነበረም። ዳኛ ጆን ዉድ በ1979 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ዳኛ ሪቻርድ ዳሮንኮ በ1988 ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው ቤታቸው ተገደሉ፤ ዳኛ ሮበርት ቫንስም በ1989 አላባማ ቤታቸው ድረስ በፖስታ በተላከ ቦምብ ሕይወታቸው አለፈ። በ2005 ደግሞ የቺካጎዋ ዳኛ ጆአን ሌፍኮ ባለቤትና እናት እቤት ውስጥ ተገድለው ተገኙ። የእነዚህ ሁሉ ጥቃቶች ቦታ አንድ ዓይነት ነው። የፍርድ ቤቱ በር ፍተሻና የታጠቀ ጥበቃ አለው፤ የዳኛው ቤት በር ግን እንደማንኛውም ሰው በር ደወል ሲጮህ የሚከፈት ነው። ከዚህ የተነሣ የአደጋው ቁልፍ መሣሪያውን ከማግኘት ይልቅ አድራሻውን ማግኘት ሆነ ማለት ይቻላል።

አድራሻ የሚገኝበት መንገድ ደግሞ በአብዛኛው ሕጋዊ ነው። በአሜሪካ ቤት የገዛ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ የቤት ዝውውርና የንብረት ግብር መዝገብ በብዙ ቦታ ለማንም ክፍት ነው። የመራጮች መዝገብም በበርካታ ግዛቶች ሊገኝ ይችላል። የመረጃ ደላሎች የሚባሉት ኩባንያዎች እነዚህን የተበታተኑ መዛግብት ከንግድ ድርጅቶች ከሚገዙት መረጃ ጋር አጋጥመው፣ ከአንድ ስም ሥር የአሁኑንና የቀድሞውን አድራሻ፣ የስልክ ቁጥርና የዘመድ ስም ሰብስበው ለፈለገ ይሸጣሉ። ቀድሞ በየማዘጋጃ ቤቱ መዞር ይጠይቅ የነበረው ሥራ ጥቂት ዶላር የሚከፈልበት የአንድ ደቂቃ ፍለጋ ሆኗል። ሕጎቹ የመጡት ይህን የስምና የአድራሻ ትስስር ለመበጠስ ነው።

የፌዴራሉ ሕግ በሥራ ላይ ያሉትንም ጡረታ የወጡትንም የፌዴራል ዳኞች ይሸፍናል። ከለላው ለትዳር አጋር፣ ለልጅ፣ ለወላጅና በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖር ሌላ ቤተሰብ ይደርሳል። የሚጠበቁት መረጃዎች የቤት አድራሻ፣ የግል ስልክና ኢሜይል፣ የማኅበራዊ ዋስትናና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤተሰብ አባል የሚማርበት ትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት መዋያና የሚሠራበት ድርጅት ናቸው። ደላሎች ይህን እንዳይሸጡ ተከልክለዋል፤ መረጃውን የለጠፈ አካልም በጽሑፍ ጥያቄ ሲደርሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ማንሳት ይኖርበታል። የመዋያ አድራሻ ሳይቀር በሕጉ መካተቱ ትክክል ነው፤ አባትና ልጅ የተመቱት ከዳኛዋ ጋር በአንድ ቤት ስለኖሩ ብቻ ነበርና። ሕጉ ግን በቀላሉ አላለፈም። ሴናተር ራንድ ፖል ከለላው የምክር ቤት አባላትንም ይጨምር በማለት ስለተቃወሙት ዘገየ፤ በመጨረሻ የጸደቀው ከዓመታዊው የመከላከያ በጀት ሕግ ጋር ተያይዞ ነው።

የኒው ጀርሲው ሕግ ከዳኞች አልፎ ዐቃቤ ሕጎችንና ፖሊሶችን ያቅፋል። መረጃውን ለማንሳት የሚሰጠው ጊዜ አሥር የሥራ ቀን ሲሆን፣ ያላነሳ ኩባንያ በእያንዳንዱ ጥሰት ቢያንስ 1,000 ዶላር ካሣ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ይህ ድንጋጌ በ2024 ከመቶ በላይ በሆኑ ኩባንያዎች ላይ ክስ አስከትሏል፤ ተከሳሾቹም ሕጉ የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብለው ተከራከሩ። ክሶቹ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲዛወሩ የኒው ጀርሲ የፌዴራል ዳኞች ራሳቸው የሕጉ ተጠቃሚዎች በመሆናቸው ከችሎቱ ተነሡ፤ ጉዳዩ የተሰጠው ከፔንሲልቬኒያ ለመጡት ዳኛ ሃርቪ ባርትል ነው። እሳቸውም በኅዳር 2024 የኩባንያዎቹን መቃወሚያ ውድቅ አድርገው ክሱ እንዲቀጥል ወሰኑ፤ ክርክሩም ወደ ይግባኝ ችሎት ዘለቀ።

ከደላሎቹ ክርክር ይልቅ ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ከጋዜጠኝነት በኩል ነው። በኒው ጀርሲዋ ኒው ብሩንስዊክ ከተማ አንድ የአካባቢ ጋዜጣ አዘጋጅ የከተማው ፖሊስ ዳይሬክተር ከሥራ ቦታቸው ከሁለት ሰዓት መንገድ በላይ ርቀው በኬፕ ሜይ እንደሚኖሩ ደረሰበት። መረጃውን ያገኘው በሕጋዊ የመዝገብ ጥያቄ ነበር። የዳይሬክተሩን የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር እንዳያትም በዚሁ ሕግ መሠረት ማሳሰቢያ ሲደርሰው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 ሕጉ በእሱ ላይ መተግበሩ የመናገር ነፃነትን አይጥስም ሲል ወሰነ፤ ባለሥልጣኑ የሚኖሩበትን ከተማ ስም መጥቀሱን ግን ያገደው የለም። ይህ መስመር ተገቢ ይመስላል፤ ሕዝብ ማወቅ የሚገባው ሹሙ የት ከተማ እንደሚያድር እንጂ የትኛውን በር እንደሚከፍት አይደለም። ቢሆንም ባለሥልጣን ሁሉ ከጥያቄ መሸሸጊያ እንዳያደርገው ፍርድ ቤቶች በየጉዳዩ ነቅተው ሊያዩት ይገባል።

የግዛት ዳኞች በፌዴራሉ ሕግ ስለማይሸፈኑ ጥበቃቸው እንደየግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድ የራሷን ሕግ ያወጣችው በ2023 ሄገርስታውን ከተማ ዳኛ አንድሪው ዊልኪንሰን፣ በልጆች አስተዳደግ ክርክር ውሳኔ በሰጡበት ዕለት፣ ቤታቸው መግቢያ ላይ ከተገደሉ በኋላ ነው።

አንዴ የተሠራጨን አድራሻ የትኛውም ሕግ ሙሉ በሙሉ ሊመልሰው አይችልም። በ2025 በበርካታ ግዛቶች ባሉ ዳኞች ቤት እነሱ ያላዘዙት ፒዛ ይደርስ ነበር፤ አንዳንዱ ወደ ልጆቻቸው ቤት ጭምር የተላከ ነበር። ፒዛው ራሱ ጉዳት የለውም፤ መልእክቱ «የት እንደምትኖሩ እናውቃለን» የሚል ነው። በበርካታ ትዕዛዞች ላይ የአዛዡ ስም ተብሎ የተጻፈው ዳንኤል አንደርል የሚል ነበር።