«ባህር የለንም፣ ሮድ ትሪፕ ምን ያደርግልናል?» እና ሌሎች የሰማናቸው ወሬዎች

ምንኖረው ሱሉልታ ነው። ልጆቼ ቲቪ ላይ አንድ ቤተሰብ ገደል ገደሉን በባህር ጠርዝ ሲነዳ አይተው «እኛስ መቼ?» ብለው ወጥረው ያዙኝ፣ በቃ አንድ ቅዳሜ በጎጃም መንገድ እስከ አባይ በረሃ ወሰድኳቸው። ከመውጣታችን በፊት ከጎረቤትም ከዘመድም የሰማነው ምክር ግን ግማሹ ስህተት ነበር።

«ባህር በሌለበት ምን ይታያል?»
ከ1985 ወዲህ ባህር የለንም፣ እሱ እውነት ነው። ግን በጫንጮ በሙከጡሪ አርጋችሁ ስትሄዱ ሜዳ ነው፣ ላም፣ ድርቆሽ፣ ላም፣ ድርቆሽ፣ ከዛ ደብረ ሊባኖስ ጋ መሬቱ ድንገት ቁርጥ ይላል፣ ጎሃ ጽዮንን ስታልፉ ደሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ ባህሩ እዚሁ ነበር! የአባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ባህር አካባቢውን ሸፍኖት በነበረ ጊዜ የተነጠፈ ነው፣ የባህር ቀንድ አውጣና ዛጎል ምናምን ቅሪቱ ይገኝበታል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ በጣም ዘግይቶ፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ነው። ጫንጮ ላይ መንገድ የሚያጣብቡብን የሲሚንቶ መኪኖች አሉ አይደል፣ የሙገርና የደርባ ፋብሪካዎች እዛ የተተከሉት ለዚሁ ኖራ ድንጋይ ብለው ነው። ማለትም የቤታችን ግድግዳ የድሮ ባህር ወለል ነው። ትንሹ ልጄ ይሄን ሰምቶ ጨው ጨው ይል እንደሆነ ብሎ ግድግዳውን ላሰው።

«ቁልቁለቱን ፍሪ አርገህ (ማርሽ አውጥተህ) ልቀቀው፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ»
ይሄን ያለኝ ሰፈራችን ያሉ የድሮ ሹፌር ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ ግን ተሳስተዋል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና (ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ የሚረጭለት) ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መርገጫውን ስትለቁት ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል፣ ፍሪ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ቁጠባ የለም፣ አደጋ ግን አለ፣ ምክንያቱም ሞተሩ ካልያዘላችሁ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬን ሲግል አቅሙ ይወርዳል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደሞ ፔዳሉ ልል ብሎ እስከታች ይገባል። እኔ ፍሪ አላረኩም ግን በ4ኛ ማርሽ እየወረድኩ ፍሬኑን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ መሀል ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተን፣ ባለቤቴ «ቁም!» አለች፣ ዳር ይዘን ግማሽ ሰዓት ቆምን። አንዱ አላፊ ውሃ ድፉበት ብሎን ነበር፣ እንዳታረጉት፣ የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወላ ይሰነጠቃል። ከዛ በ2ኛ ቀስ ብለን ወረድን። አቀበቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት፣ በቃ።

«ፖርቹጋል ድልድይ» የፖርቹጋሎች ነው
ስሙ ነው እንጂ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን ድልድይ ያሰሩት የምኒልክ አጎት፣ ፍቼ ተቀምጠው ሰላሌን ይገዙ የነበሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል፣ ያውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። ፖርቹጋሎቹ ከዛ 250 ዓመት ቀድመው ከሀገር ወጥተዋል።

«ጦጣዎቹ ሙዝ ይወዳሉ»
እዛው ድልድዩ አካባቢ የምታዩዋቸው ጦጣ አይደሉም፣ ዝንጀሮም አይደሉም፣ ጭላዳ ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የሉም፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ፣ ዋና ምግባቸው ሳር ነው። ብስኩት ስትወረውሩላቸው ሰው ላይ መዝለል ይለምዳሉ፣ ከልጅ እጅ ሲነጥቁ አይቻለሁ። (የኔ ልጅ አይደለም፣ የኔዋ ራሷ ነው የሰጠችው።)

«በክረምት ነው ማየት፣ ፏፏቴው ያኔ ነው ሚሞላው»
ድልድዩ ጋ ያለው ፏፏቴ ይሞላል፣ ግን ጉም ከሸፈነው ገደሉን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። መስከረም መጨረሻ ይሻላል፣ ውሃው ገና አለ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ አደይም አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውላችሁ ጠይቁ።

«ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዙ»
እማዬ 3 ጋቢ ጭናብን ነበር። ሱሉልታ ላይ ልክ ናት። ታች አባይ ላይ ያለው ህዳሴ ድልድይ ጋ ስንደርስ ግን ልጆቹ ካልሲ ሳይቀር አውልቀው ውሃ ውሃ ይላሉ፣ ይዘን የወረድነው ውሃ ደሞ እዛው ጫንጮ ላይ አልቋል።