በጥናቶች መካከል ያለ ክርክርን ኮምፒውተር ሲፈልግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ ወባን የሚያጠና ሰው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለውን የወባ ትንኝ አያልፋትም። ከእስያ የመጣች ናት፤ በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በከተማ ወባ ላይ ያላት ድርሻ ግን ለዓመታት አጠያያቂ ሆኖ ቆየ። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ሲቀሰቀስ የተካሄደው ጥናት ወረርሽኙን ከእሷ ጋር አያያዘው። እንዲህ ያለውን ክርክር ከሺህ ጽሑፎች መካከል ለቅሞ የሚያወጣ ሶፍትዌር አለ። ተማሪዎች በእጅጉ ሊጠቀሙበት ይገባል እላለሁ፤ አንዳንድ እምነቶች ግን መስተካከል አለባቸው።

“ብዙ ጊዜ የተጠቀሰ ጥናት ሁሉም የተስማማበት ነው”

አይደለም። በ1998 ዘ ላንሴት ላይ የወጣው፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል። ዛሬም ይጠቀሳል፤ አብዛኞቹ የሚጠቅሱት ግን ሊነቅፉት ነው። ለዚህ ነው እንደ ሳይት (scite) ያሉ መሣሪያዎች ጥናቱ የተጠቀሰበትን ዓረፍተ ነገር ራሱን መርምረው ደጋፊ፣ ተቃራኒ ወይም እንዲሁ ጠቃሽ ብለው የሚመድቡት።

“ተቃውሞን የሚያመለክቱ ቃላትን መፈለግ ይበቃል”

ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። “ግጭት” ብሎ የሚፈልግ ኮምፒውተር ስለ ጦርነት የተጻፈውንም፣ ደራሲዎች “የጥቅም ግጭት የለብንም” ብለው የሚያሰፍሩትንም ያመጣል። በሌላ በኩል ተመራማሪ ሲቃወም ብዙ ጊዜ በለሰለሰ አነጋገር ነው፦ “ውጤታችን ከቀደመው ይለያል፤ ምናልባት በናሙናው ምክንያት ሊሆን ይችላል።” ቃል ብቻ የሚፈልገው ኮምፒውተር ይህን ያልፈዋል።

ሌላም አለ። አንዱ ጽሑፍ “ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አረቢየንሲስ (ሌላ የወባ ትንኝ ዝርያ) ናት” ይላል፤ ሌላው “ስቴፈንሳይ ናት”። ማሽኑ ተቃርኖ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። የመጀመሪያው የዝናብ ኩሬ ያለበት ገጠር፣ ሁለተኛው ውሃ በበርሜልና በታንከር የሚጠራቀምበት ከተማ ላይ የተሠራ ከሆነ ግን ሁለቱም ልክ ናቸው። ቦታውን ሳያዩ ክርክር አለ ማለት አንባቢን ያሳስታል።

“ክርክር ካልተገኘ ጉዳዩ አልቋል”

በ2021 ታትሞ የወጣ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎችን በተመረጡ ሐረጎች የፈተሸ ጥናት ግልጽ አለመስማማት ያገኘው ከጠቃሽ ዓረፍተ ነገሮች 0.3 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ ነው፤ በማኅበራዊና ሰብአዊ ሳይንስ ከፍ፣ በሒሳብና በኮምፒውተር ሳይንስ ዝቅ ይላል። ይህ በግልጽ ቃል የተጻፈውን ብቻ የቆጠረ ነው። መሣሪያው በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ አይቶ ከሆነ ደግሞ፣ ተቃውሞው ብዙ ጊዜ የሚቀመጥበትን የውይይት ክፍል ጨርሶ አላየውም።

“ክርክር ካለ ሳይንሱ ምንም አያውቅም”

የስቴፈንሳይ ድርሻ ሲያከራክር፣ ወባ በትንኝ መተላለፉን የተጠራጠረ የለም።

ስለዚህ መሣሪያው “ተቃራኒ” ያለውን ዓረፍተ ነገር ከፍታችሁ ከነአካባቢው አንብቡት፤ የት ቦታ እንደተሠራና መቼ እንደወጣም እዩ። ከ2022 በፊት የተጻፈ የግምገማ ጽሑፍ (ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚቃኝ) የድሬዳዋን ውጤት ሊያካትት አይችልም።