የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር ምንድን ነው?

የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር ማለት ተራውን ባለ ሽቦ የቤት ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ፣ መዳፍ የሚያክል ትንሽ ሣጥን ነው። ከጀርባው ቢያንስ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ለኤሌክትሪክ፣ ሁለተኛው ከራውተር ለሚመጣው የኔትወርክ ኬብል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጠበብ ያለውና ሁላችንም የምናውቀው የስልክ ገመድ መሰኪያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ ሲገዛ የስልክ መስመር የገዛ ይመስለዋል። የገዛው ግን መስመር ሳይሆን፣ ቀድሞ በቴሌ ሕንፃ ውስጥ ይከናወን የነበረውን የማዞሪያ ጣቢያ ሥራ በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ስለ አዳፕተሩ ጠባይ የሚነሣውን አብዛኛውን ጥያቄ ራሱ ሊመልሰው ይችላል።

መደበኛው የቤት ስልክ በራሱ አቅም ምንም አይሠራም። ደወሉ እንዲጮህ፣ እጀታው ሲነሣ ያ የተለመደው ረጅም ድምፅ እንዲሰማ፣ የተጫንነው ቁጥር እንዲነበብና ንግግራችን እንዲተላለፍ የሚያደርገው ከሽቦው ማዶ ያለው የማዞሪያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው በሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች በኩል ዘወትር 48 ቮልት ያህል ይልካል፤ ጥሪ ሲመጣም እስከ 90 ቮልት ገደማ የሚደርስ ተለዋዋጭ ኃይል ለቅቆ ደወሉን ያስጮኸዋል። የስልክ ሽቦ ልጦ በእጁ የያዘ ሰው ጥሪ በመጣ ጊዜ የሚነዝረው በዚህ ምክንያት ነው። ጣቢያው የራሱ ባትሪ ስላለው፣ በክረምት ነጎድጓድ ደብረ ማርቆስ መብራት ጠፍቶ ሲያድር የቤቱ ስልክ ግን እየሠራ ያድር ነበር። አዳፕተሩ እነዚህን ሥራዎች ሁሉ ይረከባል፤ የሚረከበው ግን ያለ ባትሪው ነው። መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩና ራውተሩ አብረው ይጠፋሉ። ሁለቱ በአንድነት የሚወስዱት ኃይል ከአንድ ባለ 40 ዋት አምፖል የሚያንስ በመሆኑ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ለሰዓታት ሊያቆያቸው ይችላል፤ ስለ ዩፒኤስ ሳያስቡ አዳፕተሩን ብቻ መግዛት በእኔ ግምት ግማሽ ግዢ ነው።

ንግግሩ በኢንተርኔት የሚጓዝበት መንገድ ከዚህ ይልቅ ደስ የሚል ነገር አለው። በጣም የተለመደው ጂ.711 የተባለው ስልት ድምፅን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት በ8 ቢት ይመዘግባል፤ ይህም በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ይሆናል። አዳፕተሩ የ20 ሚሊሴኮንድ ንግግር በተጠራቀመ ቁጥር በአንድ እሽግ ጠቅልሎና አድራሻ ጽፎበት ስለሚልከው በሴኮንድ 50 እሽጎች ይወጣሉ ማለት ነው። አድራሻው ሲደመር ፍሰቱ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 80 ኪሎቢት ያድጋል፤ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ደርሶ መልሱ 72 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ጂ.729 የተባለው ሌላው ስልት ድምፁን ወደ 8 ኪሎቢት ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ የሚገባው ንግግር 20 ባይት፣ አድራሻው ደግሞ 40 ባይት ስለሚሆን ፖስታው ከደብዳቤው እጥፍ ይከብዳል። እንዲያም ሆኖ የአንድ ሰዓቱ ፍጆታ ወደ 22 ሜጋባይት ይወርዳልና በኢንተርኔት ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከቁጥሮቹ እንደሚታየው ስልክ ፈጣን ኢንተርኔት አይጠይቅም። የሚጠይቀው እሽጎቹ ሳይዛነፉ በእኩል ጊዜ መድረሳቸውን ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊሴኮንድ በላይ ባይፈጅ ይመረጣል ይላል፤ ከዚያ ሲበልጥ ተነጋጋሪዎቹ አንዱ በሌላው ንግግር ላይ እየገባ ይጋጫሉ። ዘግይቶ የደረሰ እሽግ ይጣላል እንጂ አይጠበቅም፤ በቢሮው ውስጥ አንድ ሰው ቪዲዮ ማውረድ ሲጀምር የሌላው ስልክ የሚቆራረጠውም ስለዚህ ነው። ራውተሩ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ይህ ችግር በአብዛኛው ይቃለላል።

አዳፕተሩ የሚደወልለትን ሰው የሚያገኘው ሲፕ በተባለ የመጠራሪያ ደንብ ነው፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1999 ጸድቆ በ2002 ተሻሽሏል። በሣጥኑ ውስጥ የሚሞላው የአገልጋዩ ኮምፒውተር አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ቁጥሩ ያለው በዚህ ስምና የይለፍ ቃል በሚከፈተው የተጠቃሚ ሂሳብ ላይ እንጂ በሽቦው ላይ ስላልሆነ፣ ሣጥኑ ከቡሬ ተነሥቶ ባሕር ዳር ቢሰካ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል።

ከውጭ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ «ይህን ሰክተህ በነፃ ደውልልኝ» ብሎ የሚያስቀምጠው የአሜሪካ ቁጥር ያለው ሣጥን እንዲሁ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው። ሕጉን ማየት የሚያሻውም እዚህ ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠት በወንጀል እንዲያስጠይቅ ደንግጎ ነበር፤ አገልግሎቱን የሚያገኘውንም ሰው ከተጠያቂነት ነፃ አላደረገውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ደግሞ ገበያውን ለሌሎች ኦፕሬተሮች ከፍቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ስለዚህ ወደ ውጭ ለመደወል የሚያገለግል ሂሳብ ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር መምጣት አለበት፤ የሰው ጥሪ ተቀብሎ በገንዘብ ማስተላለፍ ደግሞ ጭራሹን ሊታሰብ የማይገባ ነው።

ለትንሽ ድርጅት ግን ትልቁ ጥቅም ከግቢው ሳይወጣ የሚገኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያየሁት አንድ ፔንሲዮን ኮምፒውተርን የውስጥ ስልክ ማዞሪያ የሚያደርገውን አስተሪስክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ስምንት መሰኪያ ባለው አንድ አዳፕተር የስምንት ክፍሎችን አሮጌ ስልኮች ከእንግዳ መቀበያው ጋር አገናኝቷል። የአንዱ ክፍል እጀታ ሲነሣ በሣጥኑ ፊት ላይ የክፍሉ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትላለች፤ ወዲያው በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል፤ «እመቤት፣ ሙቅ ውኃ የለም» የሚለው አቤቱታ ይደርሳል። ኢንተርኔት ለሁለት ቀን ቢጠፋ ይህ አይቋረጥም፤ ጥሪው ከሕንፃው አይወጣምና። ድርጅቱ በ058 የሚጀምር መደበኛ መስመር ካለውና ከዚህ ጋር ሊያዋህደው ከፈለገ ኤፍኤክስኦ የተባለ መሰኪያ ያስፈልገዋል። ስልኩ የሚሰካበት ኤፍኤክስኤስ ይባላል፤ መስመሩ የሚሰካበት ኤፍኤክስኦ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ (FXS እና FXO) በአንዲት ፊደል የሚለያዩትን እነዚህን ሁለት ስሞች አምታትቶ የማይሆነውን ሣጥን የገዛ ሰው አንድ ብቻ አይደለም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

በግድግዳው ውስጥ ያለውን አሮጌ የስልክ ሽቦ እንደገና መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከውጭ ከሚመጣው መስመር ፈጽሞ መለየት አለበት፤ ከጣቢያው የሚመጣው ኃይል ከአዳፕተሩ ኃይል ጋር ከተገናኘ አዳፕተሩ ሊቃጠል ይችላልና። በሰኔና በሐምሌ መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው በአየር ላይ የተወጠረ ሽቦ አደጋን ይጋብዛል። ሌላው ተደጋጋሚ ችግር አንዱ ወገን እየሰማ ሌላው «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» እያለ የሚቀርበት ነው። በዚህ ጊዜ ስልኩን መቀየር ፋይዳ የለውም፤ ጥፋቱ ዘወትር ለማለት ይቻላል የቤቱን የውስጥ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት አድራሻ በሚለውጠው የራውተሩ የአድራሻ መተርጎም ሥራ ላይ ነው፤ ድምፁ ወጥቶ የመልሱ ድምፅ መግቢያ በር አጥቷል።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ከአባታቸው የወረሱትን፣ ቁጥሩ በጣት እየዞረ የሚደወልበትን ጥቁር ስልክም እንድናገናኝላቸው ጠይቀው ነበር። ሲደወልለት ባለ ሁለት ጉልላት ደወሉ ግቢውን ሁሉ አናጋው፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ተሰማ። እርሳቸው ግን 4ን አዙረው ቢጠብቁ ያ ረጅም ድምፅ እንደቀጠለ ቀረ፤ ያ አዳፕተር፣ እንደ ብዙዎቹ የዛሬ አዳፕተሮች፣ ቁልፍ ሲጫኑ የሚወጣውን ቃና ያነባል እንጂ ሽቦውን ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ የሚልከውን የዚያን ዘመን ቁጥር አያውቅም። ስልኩ አሁንም መቀበያው ላይ አለ፤ የሚያገለግለውም ለመቀበል ብቻ ነው።