የምገባ ደረጃ ምንድን ነው? (ሜኑ አይደለም!)

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የተማሪዎች ምገባ የሳምንት ሜኑ ፎቶ፤ ሰኞ ፍርፍር፣ ማክሰኞ ሩዝ፣ ረቡዕ ሽሮ። ከሥሩ «የሥርዓተ ምግብ ደረጃውን የጠበቀ» ይላል። ደረጃውን የጠበቀው ምኑ ነው? ወረቀቱ?

ሜኑ ምን እንደሚቀርብ ይነግራችኋል። ደረጃ ግን ልክ ነው፤ ልጁ ከዚያ ምግብ ምን ያህል ጉልበት፣ ፕሮቲን፣ ብረትና ቫይታሚን ኤ ማግኘት እንዳለበት የሚናገር። ዩኒፎርም ማሰፋትን አስቡት። ሜኑ ጨርቁ ነው፣ ደረጃው ሜትሩ። ሰፊው ጨርቁ ስላማረው ብቻ ለአንደኛ ክፍሉም ለስምንተኛ ክፍሉም በአንድ ልክ ቢቆርጥ፣ አንዱ ሱሪውን ሲረግጥ ይውላል፣ የሌላው ቁርጭምጭሚት ላይ እንኳ አይደርስም። ለሁሉም በአንድ ጭልፋ እኩል ሲቀዳ የሚሆነው ይኸው ነው። ጨርቅ ደግሞ ሲታጠብ ይሰበሰባል፦ ጎመኑን ከትፈን፣ ብዙ ውሃ ውስጥ ቀቅለን፣ ውሃውን ስንደፋ ቫይታሚን ሲውም አብሮ ሄደ።

አንዱ «ልጁ ከጠገበ ሌላው ቅንጦት ነው» ብሎ ጽፏል። ወንድሜ፣ ጥጋብማ በባዶ ሩዝም ይመጣል! ባዶ ሆድ ትምህርት እንደማይገባው አልክድም። ግን ደም ያነሰው ልጅ በልቶ ጠግቦም ክፍል ውስጥ ይፈዛል።

ነገሩ የሚበላሸው ወጥ ቤት ነው። ወረቀቱ ላይ «ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ግራም ሩዝ» ይላል። ጥሬው ነው የበሰለው? ሩዝ ሲበስል ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ስለዚህ ለጥሬው የተጻፈውን ግራም በበሰለው መዝኖ የሰጠ ሰው ካለ፣ ለልጁ የደረሰው ሲሶው ያህል ብቻ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ሁሉም ነገር ልክ ነው። መጋቢ እናቶች ላይ አትፍረዱ፤ ግራም የጻፈላቸው ሰው ሚዛን አልሰጣቸውም። አንዴ መዝኖ ጭልፋው ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር።

ደግሞ የአንድ ቀን ሳህን ፎቶ አንስታችሁ «ደረጃ አያሟላም» የምትሉም አላችሁ። የሚታየው የሳምንቱ አማካይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ለብዙ ልጆች እንቁላሉ ሌላ ቀን መምጣት አለበት። ትምህርት ቤቱም የልጁን ቀን ሙሉ አይሸፍንም፤ ለግማሽ ቀን ተማሪ የተለመደው ግብ ከቀኑ የጉልበት ፍላጎት ከ30 እስከ 45 በመቶ ነው።

ሳልጠየቅ ልጨምር፦ ወረቀት ላይ ያለው ብረት ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም። የምስርና የጤፍ ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይሰርግም፣ ሻይ ደግሞ ይብሱኑ ያግደዋል፣ ሎሚና ብርቱካን ግን ያግዙታል። ቁርስ ላይ ሻይ የምታቀርቡ ይህን አስቡበት። አዮዲን ያለበትን ጨውም ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ የጨው ዕቃው ይከደን፣ እሳቱ አጠገብ አይቀመጥ።