የጃክ «ግራውንድ» ምንድን ነው? የማዳመጫ ጃክ ከመቀየራችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ ማዳመጫዋን ይዛ መጣችና «ስልኬ ሳይበላሽ አልቀረም» አለችኝ። ዘፈን ስትከፍት ክራሩና ከበሮው ይሰማል፤ ዘፋኙ ግን ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ከሩቅ ነው። መምህሯ ቀድተው የላኩላቸውን ትምህርት ስትከፍት ደግሞ ጭራሽ ዝም። ሱቅ ወስዳ ብታሳይ «አዲስ ግዢ» ተብላለች። ስልኩም ደህና ነበር፤ ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ሁለቱ ድምፅ ማውጫዎችም ደህና ነበሩ። የተበጠሰው ከጃኩ፣ ማለትም ስልኩ ቀዳዳ ውስጥ ከሚሰካው ብረት፣ ሥር ያለው አንድ ቀጭን ሽቦ፣ ግራውንድ የሚባለው ነው።

ኤሌክትሪክ ሄዶ ካልተመለሰ ሥራ አይሠራም። የግራው ጆሮ የራሱ መሄጃ ሽቦ አለው፤ የቀኙም እንዲሁ። መመለሻቸው ግን ጃኩ ላይ ሲደርስ አንድ ነው። ግራውንድ የሚባለው ይህ ሁለቱም የሚመለሱበት የጋራ መንገድ ነው።

ጃኩን አውጡና ቀረብ አድርጋችሁ እዩት። ብረቱን የሚከፋፍሉት ጥቁር ወይም ነጭ መስመሮች ጌጥ አይደሉም፤ አንዱን ብረት ከሌላው የሚለዩ የፕላስቲክ ማገጃዎች ናቸው። መስመሩ ሁለት ከሆነ ብረቱ ሦስት ቦታ ተከፍሏል ማለት ነው። ጫፉ ግራ፣ መካከለኛው ቀለበት ቀኝ፣ ወደ ገመዱ በኩል ያለው ረጅሙ ክፍል ደግሞ ግራውንድ ነው። መስመሩ ሦስት ከሆነ አራተኛ ክፍል ተጨምሯል፤ እሱም ለማይክ ነው። አዲስ ጃክ ስትገዙ የመስመሩን ቁጥር ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ ማይክ ላለው ማዳመጫ ባለ ሁለት መስመር ጃክ ብትገጥሙ ድምፁን ትሰማላችሁ እንጂ ስልክ ስታወሩ ማይኩ አይሠራም።

የጃኩ አሠራር አዲስ ነገር አይደለም። ትልቁ፣ ባለ 6.35 ሚሊ ሜትሩ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ቤት ኦፕሬተሮች ደዋይን ከተደዋይ ያገናኙበት የነበረው ነው፤ ዛሬም በጊታርና በድምፅ ሚክሰር ላይ አለ። የእኛ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትሩ የእሱ ታናሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሶኒ ዎክማን የካሴት ማጫወቻ በየሰው ኪስ አስገባው። አይፎን 7 በ2016 ቀዳዳውን ቢተወውም፣ ስንትና ስንት ስልክ፣ ኮምፒውተርና ሬዲዮ ዛሬም በዚሁ ይሠራል።

ግራውንዱ ሲበጠስ ዘፋኙ ለምን ይጠፋል? መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በግራው ድምፅ ማውጫ ገብቶ በቀኙ በኩል ለመውጣት ይሞክራል። ሁለቱ ድምፅ ማውጫዎች ተከታትለው የተገናኙ ይሆናሉ ማለት ነው። በዘፈን ቅጂ ውስጥ የዘፋኙ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በግራም በቀኝም እኩል ነው፤ መሐል ላይ የሚሰማንም ለዚህ ነው። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ቡድኖች ገመድ ሲጓተቱ ገመዱ ካለበት ንቅንቅ እንደማይለው፣ እኩል የሆነው ድምፅም ከሁለት ወገን ተገፍቶ ይጣፋል። የሚቀረው በግራና በቀኝ የሚለያየው ብቻ ነው፦ ወደ አንድ ጎን ያደላ ክራር፣ አጃቢዎች፣ የማሚቶ ድምፅ። የመምህሯ ትምህርት በአንድ ስልክ የተቀዳ ንግግር ስለሆነ ግራና ቀኙ ፍጹም አንድ ነው፤ ስለዚህ ምንም አልቀረም። ይህን ምልክት አንዴ ያወቀ ሰው ማዳመጫ ሳይፈታ በጆሮው ብቻ የት እንደተበላሸ ይናገራል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ባለ ሦስት መስመር ጃክ ሁለት ዓይነት አደራደር አለው። የጃክ ቀዳዳ የነበራቸው አይፎኖችና ቀዳዳው ያላቸው አብዛኞቹ አንድሮይዶች የሚጠቀሙበት ሲቲአይኤ የሚባለው፣ ከጫፉ ሲቆጠር ግራ፣ ቀኝ፣ ግራውንድ፣ ማይክ ነው። የቀድሞ ኖኪያዎች የነበራቸው ኦኤምቲፒ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያቀያይራል። የአንዱን ማዳመጫ በሌላው ስልክ ብትሰኩ ልክ ግራውንድ እንደተበጠሰ ዘፋኙ ይጠፋል። ስለዚህ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ገመዱ ላይ ያለውን የማይኩን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት። ቁልፉ ማይኩንና ግራውንዱን ያገናኛቸዋል፤ ድምፁ ተመልሶ ከሞላ የተበጠሰ ነገር የለም፣ ስልኩና ማዳመጫው በአደራደር አልተግባቡም ማለት ነው።

መቆረጥ ካለበት፣ ከጃኩ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ቁረጡ፤ ገመዱ ኪስ ውስጥ ሲታጠፍ የሚበጠሰው እዚያው ጃኩ ሥር ስለሆነ የተጎዳው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከላስቲኩ ውስጥ ጸጉር የሚያካክሉ ባለቀለም ሽቦዎች ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ቀዩ ቀኝ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው ግራ፣ የመዳብ መልክ ያለው ግራውንድ ነው። የመዳቡ ሁለት ከሆነ ከየጆሮው የመጡ ናቸውና አንድ ላይ ጠምዝዟቸው። ቀለሙ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ እኔ በቀለም ብቻ አላምንም።

ሽቦዎቹን ሲያገናኙ ብዙዎች የሚሸነፉበት ነገር እዚህ አለ። ቀለሙ ራሱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቫርኒሽ ነው። እንደ ተራ ሽቦ ጠምዝዛችሁ ብታገናኙት ምንም አይሰማም። የጋለውን የሶልደር መበየጃ ጫፍ፣ ትንሽ ሶልደር (ቀልጦ ሽቦ የሚያያይዝ ብረት) ይዞ እንዳለ፣ ሽቦው ጫፍ ላይ ጥቂት ሰከንድ ያዙት፤ ቫርኒሹ ይጨስና ይለቃል፣ ሽቦው ብርማ ይሆናል። ብርማ ካልሆነ ሶልደሩ አልያዘም፣ ድገሙት። ጭሱን እንዳትስቡት መስኮት ክፈቱ፤ ሶልደሩም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ሲያበቃ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አሁን ግራውንዱን ያለ ቀለም ለዩት። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም በሚለካው በኦም ላይ አድርጉና ሦስቱን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ለኩ። አብዛኛው የጆሮ ማዳመጫ በአንድ ጆሮ 16 ወይም 32 ኦም አካባቢ ነው። ከሦስቱ ጥንዶች አንዱ የሌሎቹን እጥፍ ያሳያል፤ እነዚያ ሁለቱ ግራና ቀኝ ናቸው፣ የቀረው ሦስተኛው ግራውንድ ነው። ቴስተሩ ሽቦውን በነካ ቁጥር በየትኛው ጆሮ «ቅጭ» እንደሚል ብታዳምጡ ግራና ቀኙንም ለያችሁ።

ከመበየዳችሁ በፊት የጃኩን ሽፋን ገመዱ ላይ አስገቡት፤ ከተበየደ በኋላ በጃኩ በኩል አያልፍምና። ጃኩንም በማትፈልጉት አሮጌ ሬዲዮ ወይም ስፒከር ቀዳዳ ሰክታችሁ በይዱት። በውስጡ ያሉት ማገጃዎች ፕላስቲክ ናቸው፤ ሙቀት ሲበዛባቸው ይለሰልሱና ቀለበቶቹ ከቦታቸው ይዛነፋሉ፣ ቀዳዳው ግን ቀጥ አድርጎ ይይዛቸዋል። በባለ ሁለት መስመር ጃክ ግራውንዱ የሚበየድበት ረጅሙ ብረት ብዙ ሙቀት ስለሚጠጣ እሱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ከዚያ የብረቱን ሁለት ክንፎች በላስቲኩ ላይ ቀስ ብላችሁ እጠፏቸው፤ ገመዱ ሲሳብ ጉተታውን ክንፎቹ ይችሉታል፣ ብየዳው ላይ አይደርስም።

ሽፋኑን ሳትዘጉ ሞክሩት። የምትሞክሩት በዘፈን አይሁን፤ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ቅጂ ክፈቱ። በሁለቱም ጆሮ እኩል፣ ከራሳችሁ መሐል የሚመጣ መስሎ ከተሰማችሁ ግራውንዱ ይዟል። እህቴም መጀመሪያ የከፈተችው የመምህሯን ትምህርት ነበር፤ ሽፋኑን ያጠበቅነው ከዚያ በኋላ ነው።