የቦንሳይ ሥር መበስበስ፦ መከላከያውና ሕክምናው በጎንደር

የሥር መበስበስ በሳህን የሚያድጉ ትናንሽ ዛፎችን፣ ማለትም ቦንሳይን፣ በብዛት የሚጨርስ ችግር ነው። ሥሩን የሚጎዳው በዋናነት የአየር እጦት ነው። የአፈሩ ክፍተት በውሃ ሲሞላ ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ይዳከማል። ያኔ ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ የተባሉ በሽታ አምጪ ረቂቅ ተሕዋስያን ይገቡበታል። ብዙ ሰው ፈንገስ ይላቸዋል፤ በዝምድና ግን ለአልጌ ይቀርባሉ። ዘራቸው በውሃ ውስጥ እየዋኘ ሥር ይፈልጋል። ፉሳሪየምን የመሰሉ እውነተኛ ፈንገሶችም አሉበት።

የቦንሳይ ጥበብ ከቻይና ወደ ጃፓን ተሻግሮ የዳበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ከሂሮሺማው ቦምብ ተርፎ ዛሬ ዋሽንግተን የሚገኘው ጥድ ከ1625 ጀምሮ በሳህን እንደኖረ ይነገራል። አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው 11 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ጃፓኖች ሥርን ድንጋይ አሳቅፈው የሚያሳድጉበት ስልትም አላቸው። ጎንደሬ ግን ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የአፄ ፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ ትልልቆቹ ዛፎች ያለ አስተማሪ ሠርተውታል።

ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዝናቧ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ዛፍ ውሃ በዝቶበት ሞተ ሲባል ያስቃል። ክረምት ላይ ግን የሚሆነው ይኸው ነው።

ዋልካ አፈር ውሃ ይዞ ስለማይለቅ ለሳህን አይሆንም። የሚሻለው ለግንባታ የሚሸጠው ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ነው፦ በወንፊት ይነፋና ዱቄቱ ይጣላል፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነው ይቀራል። ሳህኑ ውስጥ ከአፈሩ በታች ጠጠር መደርደር ውሃ ያወርዳል የሚባለው ስህተት ነው፤ እርጥበቱን ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል። በክረምት ሳህኑን ከጣሪያ ሥር ማስገባት፣ ካልሆነም አንድ ጎኑን በድንጋይ ከፍ ማድረግ ይበጃል። ውሃ ከማጠጣት በፊት መፋቂያ የመሰለ ደረቅ እንጨት አፈሩ ውስጥ ሰክቶ ጥቂት ቆይቶ ማውጣት ነው። እርጥብ ከወጣ ውሃው ይቆይ።

ምልክቱ ያሳስታል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱ ጠማው ብሎ ይጨምርበታል። የአበሻ ጽድ ደግሞ ሥሩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ማውጣትና ማየት ነው። ጤነኛ ሥር ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚሸት ነው። በፓይን ዛፎች ሥር ላይ የሚታይ ነጭ ድር ግን በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሥሩን የሚረዳ ፈንገስ ነው።

የበሰበሰው በ70 በመቶ አልኮል በተጠረገ መቀስ ይቆረጣል። ዛፉ በአዲስ ሬድ አሽ ይተከልና ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ቀረፋ ዱቄት መነስነስ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ይሆናል። ገበሬው ለድንች የሚረጨው ሪዶሚል ፒቲየምንና ፋይቶፍቶራን ይመታል፣ የሞተ ሥር ግን አይመልስም። ማዳበሪያ አዲስ ቀንበጥ እስኪወጣ አይሰጥም።