«ፊሞኦ» ምንድን ነው?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቁጥር 39 ኢየሱስ ባሕሩን ያዘዘበት ቃል በግሪክኛው ሁለት ግሶች ብቻ ነው፤ «ሲዮፓ፣ ፔፊሞሶ»። በመካከላቸው አያያዥ ቃል እንኳ የለም። ማቴዎስና ሉቃስ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚነግሩን ተግሣጽ መኖሩን ብቻ ስለሆነ፣ የትእዛዙን ቃል ያቆየልን ማርቆስ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው የአማርኛ ትርጉም «ዝም በል፥ ፀጥ በል» ይለዋል።

የመጀመሪያው ግስ «ሲዮፓኦ» የተለመደ የዝምታ ግስ ነው፤ አለመናገርን፣ ድምፅ አለማሰማትን ይገልጻል። ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ሁለተኛው፣ «ፔፊሞሶ» የሚለው ቅርጽ የወጣበት «ፊሞኦ» ነው።

«ፊሞኦ» የተገኘው «ፊሞስ» ከሚለው ስም ሲሆን፣ ፊሞስ ማለት የእንስሳ አፍ የሚታሰርበት ማፈኛ ነው፤ ስለዚህ የግሱ መነሻ ፍቺ አፍ ማሰር ነው። በዘዳግም 25፥4 የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር የሚያዘውን ሕግ ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክኛ የመለሱት በዚሁ ግስ ነው፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18ም ሕጉን የሚጠቅሰው በእርሱ ነው። በአውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ አፉ የታሰረ በሬ ከእግሩ ሥር ካለው እህል የማይቀምሰው ስላልፈለገ ሳይሆን ሌላው ስለከለከለው ነው። ከዚህ ፍቺ ተነሥቶ ግሱ ሰውን መልስ ማሳጣት ለሚለው ሐሳብም ይውላል፤ በማቴዎስ 22፥34 ኢየሱስ ሰዱቃውያንን «ፊሞኦ» አደረጋቸው፣ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 12 ደግሞ የሰርግ ልብስ ያልለበሰው ሰው የሚመልሰው ጠፍቶት ዝም አለ።

አሁን ወደ ሰዋስዉ እንምጣ። «ፔፊሞሶ» በተገብሮ የቀረበ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ትእዛዙ የሚደርሰው ለባሕሩ ይሁን እንጂ፣ ባሕሩ ድርጊቱ የሚፈጸምበት እንጂ የሚፈጽመው አይደለም። በመጀመሪያ ያለው «ፔ» የግሱ የመነሻ ድምፅ ድግግሞሽ ሲሆን ፐርፌክት የሚባለውን የጊዜ ቅርጽ ያመለክታል። ይህ ቅርጽ ድርጊቱ ተፈጽሞ ውጤቱ ጸንቶ መኖሩን የሚያሳይ ነው፤ በትእዛዝ አንቀጽ ደግሞ በአዲስ ኪዳን እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይገኛል። ማርቆስ በ1፥25 ኢየሱስ ርኩሱን መንፈስ ዝም ያሰኘበትን ትእዛዝ የጻፈው ከዚሁ ግስ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ያለው «ፊሞቴቲ» አኦሪስት የሚባለው ቅርጽ በመሆኑ ድርጊቱን በጥቅሉ ያዝዛል እንጂ የሚከተለውን ሁኔታ ለይቶ አያመለክትም። በሁለቱም ታሪኮች «ገሠጸው» የሚለው ግስም አንድ ነው። ስለዚህ ማርቆስ የባሕሩን ጸጥታ ከአጋንንት መውጣት ጋር አያይዞ እንድናነበው ፈልጓል የሚሉት ተርጓሚዎች መሠረት ያላቸው ይመስለኛል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን የቃሉ መነሻ በየአገባቡ ሁሉ ሥዕሉን ይዞ እንደሚመጣ በማሰብ ነው። የሰርግ ልብስ በሌለው ሰው ታሪክ ውስጥ ማንም ስለ ማፈኛ አያስብም፤ ዝም አለ ማለት ብቻ ይበቃል። በማርቆስ 4፥39 ግን የተገብሮው ቅርጽና የፐርፌክቱ ጽናት አንድ ላይ ስለተገናኙ ሥዕሉ ሕያው ነው ብዬ አምናለሁ። የአማርኛው «ፀጥ በል» መልእክቱን በትክክል ያደርሳል፤ የግሪክኛውን ቅርጽ ጠብቆ መተርጎም የፈለገ ሰው ግን «ተለጉመህ ቅር» ወደሚለው መቅረብ ይኖርበታል።